ቱሉ ዲምቱ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለችው የእትዬ ምሳ ቤት

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም 9ኛ 10ኛ ክፍል የደረሰች ሴት ልጅ ያላችሁ ይሄን አንብቡት። የከተማው ምገባ እስከ 8ኛ ነው፣ ከዛ በኋላ ምሳ የራሷ ጉዳይ ነው፣ ምሳ ዕቃ መያዝ ደግሞ ፋራ ያስብላል መሰለኝ አይዙም፣ ብር ስትሰጧት ዳጣ ያለው ችፕስ በፌስታል ገዝታ ቆማ በልታ ትገባለች። ምሳ ቤት አይጠፋም እኮ፣ ግን ሁሉም የግንባታ ሰራተኛና ሹፌር ሚሞላበት ስለሆነ ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ እዛ መሀል ገብታ ቁጭ አትልም። እትዬ ጓሮ በኩል ያለችውን ክፍል በመጋረጃ ከልላ ለተማሪ ሴቶች ለይታዋለች፣ እኔ ቤቷን የወደድኳት ከምግቡም በፊት በዚህ ነው።

ምግቡ ያው የቤት ምግብ ነው። ግማሽ ሽሮ በጎመን 60 ብር፣ ምስር ወጥ አለ፣ በፍስክ ቀን እንቁላል። እንጀራው ሰርገኛ ነው። ቲማቲሙ ላይ ሎሚ ትጨምቅበታለች፣ እሷ ለጣዕም ብላ ነው ግን የምስሩንና የጎመኑን ብረት (ደም የሚሰራበትን ንጥረ ነገር) ሰውነት በደንብ እንዲወስደው ያግዛል። ይሄን ማነሳው የኔዋ ልጅ ጤና ጣቢያ ስትመረመር ሄሞግሎቢኗ፣ የደሟ መጠን ማለት ነው፣ 10.8 ስለወጣ ነው፣ በሷ ዕድሜ ከ12 በታች ከሆነ ደም ማነስ ይባላል። የወር አበባ ስላለ ከ14 እስከ 18 ላለች ልጅ በቀን 15 ሚሊግራም ብረት ነው ሚመከረው፣ በዛው ዕድሜ ላለ ወንድሟ 11። ቤት ውስጥ ሥጋዋ ለማን እንደምትወጣ ግን ሁላችንም እናውቃለን።

ማልወደው ሻዩን ነው። ከምግቡ ጋር እኩል በነፃ ይመጣል፣ ሻይ ደግሞ ብረቱን ሰውነት እንዳይወስደው ይይዘዋል፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቆይቶ ነው መጠጣት ያለበት። ነገርኳት፣ "የኔ እመቤት፣ ሻይ ካልሰጠኋቸው ጎረቤት ይሄዱብኛል" አለችኝ፣ እውነቷን ነው ምን ልበላት። ስለዚህ ልጃችሁን እናንተው ንገሯት። ሌላው በርበሬዋ ይበዛል፣ ከ6 ሰዓት ተኩል በኋላ ከሄዱ ምስሩ ያልቃል፣ የእጅ መታጠቢያውም አንዳንዴ ውሃ የለውም።

በወር መክፈል ይቻላል፣ በደብተር ትይዝላችኋለች፣ ቴሌብርም ትቀበላለች። ቅዳሜ ዝግ ናት።