«በወር 70 ዶላር ብቻ» ሲሏችሁ ብዕሩን አስቀምጡ

ሰላም ወገኖች። አሜሪካ ያላችሁና አዲስ ቱርቦ ሴዳን ለመግዛት ዓይናችሁን የጣላችሁ ይቺን አንብቡልኝ። በመኪናዬ ቅሬታ የለኝም፤ ነዳጅ ስትሰጧት ከወንበሩ ጋር ታጣብቃለች፣ ዛሬም ቁልፏን ሳነሳ ደስ ይለኛል። የተበላሁት በዋጋው ተስማምተን ከተጨባበጥን በኋላ ባስገቡኝ በፋይናንሱ ክፍል ነው፤ ብድሩን የሚያዋውሉበትና የተራዘመ ዋራንቲ፣ ማለትም ብልሽት ሲመጣ ጥገናውን የሚከፍል ተጨማሪ የዋስትና ውል፣ የሚሸጡበት ክፍል ነው።

ማርች 2024 ነው። እኔ ሜሪላንድ ነኝ፣ ዲለሩ (መኪናውን የሸጠልኝ ድርጅት) ቨርጂኒያ። የፋይናንሱ ሰው የአገራችን ልጅ ሆኖ ተገኘ። አማርኛውን ስሰማ ጥርጣሬዬ ሁሉ ቀለጠ። «ወንድሜ፣ ቱርቦ (ሞተሩ ውስጥ አየር እየገፋ ጉልበት የሚጨምረው ክፍል) ከተበላሸ በሺዎች ነው የሚያስከፍልህ። የተራዘመ ዋራንቲ ውሰድ፤ በወር 70 ዶላር ብቻ ነው፣ ሙሉ ነው፣ 6 ዓመት ትተኛለህ» አለኝ። ዋጋው 3,900 ዶላር ነበር፣ ግን ያን ቁጥር አፉ ላይ አላመጣውም። ብድሩ ውስጥ ገብቶ በ72 ወር ሲከፈል ከ5,000 ዶላር ያልፋል። ወለዱን 8.9 በመቶ ጻፈልኝ። እዚያው ሳምንት አንድ ክሬዲት ዩኒየን (የአባላቱ የቁጠባና ብድር ማኅበር) ለጓደኛዬ 6.4 ሰጥቶታል፤ የሁለታችንም የክሬዲት ነጥብ ተመሳሳይ ነው። በ40,000 ዶላር ብድር ላይ ይህ ልዩነት ወደ 3,500 ዶላር ነው። ዲለር ከባንኩ በሚያገኘው ወለድ ላይ የራሱን ጨምሮ መሸጥ እንደሚችል ያኔ አላውቅም ነበር።

ነገሩ የተገለጠልኝ ከ14 ወር በኋላ ነው። ዝናብ የሞላው ጉድጓድ ውስጥ ገባሁና ጎማው ፈነዳ፣ ቸርኬውም ተሰነጠቀ። የእነዚህ መኪኖች ጎማ ስስ ነው፤ ቸርኬውን ከመንገዱ የሚለየው ትንሽ ላስቲክ ነው። «ሙሉ ነው» ተብያለሁና ለተራዘመው ዋራንቲ ድርጅት ደወልኩ። ጎማና ቸርኬ አይሸፍንም አሉኝ። ቀጥላ ስልኩን ያነሳችው ሴትዮ በለሰለሰ ድምፅ «መኪናውን ለሥራ ይጠቀሙበታል?» ብላ ጠየቀችኝ። ቅዳሜና እሁድ ኡበር እሠራለሁ። ዝም አልኩ።

ያን ማታ ውሉን ለመጀመሪያ ጊዜ አነበብኩት። ሰው ጭኖ ገንዘብ ለሚቀበል መኪና አይሠራም ይላል። ስንቶቻችን ነን ኡበርና ሊፍት የምንሠራው? ሌላም አለ። 6 ዓመቱ ወይም 75,000 ማይሉ የሚቆጠረው የፋብሪካው ዋራንቲ ካለቀ ጀምሮ መስሎኝ ነበር፤ ከገዛሁበት ቀን ነው። ፋብሪካው ራሱ አጠቃላዩን 3 ዓመት ወይም 36,000 ማይል፣ ሞተርና ቱርቦውን ደግሞ 5 ዓመት ወይም 60,000 ማይል ይሸፍናል። በእኔ አነዳድ ማይሉ ከዓመቱ ቀድሞ ስለሚሞላ፣ ያ ሁሉ ገንዘብ ለቱርቦው የጨመረልኝ 15,000 ማይል ነው። ለዚያውም ኡበር ካልሠራሁ!

ስለ ጥገናው ደግሞ፦ ሰርቪስ ክፍሉ «ዘይት እኛ ጋ ካልቀየርክ የፋብሪካው ዋራንቲ ይሰረዛል» ብሎኝ ሦስት ጊዜ 140 ዶላር ከፍያለሁ። ውሸት ነው። ከ1975 ጀምሮ ያለው የፌደራል የዋራንቲ ሕግ ይህን ይከለክላል። ትክክለኛውን ዘይት እስከተጠቀመ ድረስ የሰፈራችሁ መካኒክ ይቀይርላችሁ፤ ቀኑና ማይሉ የተጻፈበትን ደረሰኝ ግን እንደ ፓስፖርት አስቀምጡ። ጊዜውን አታሳልፉ። ቱርቦ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ይሽከረከራል፣ ያን ሙቀትና ሰበቃ የሚችልለት ዘይቱ ነው። እኔ በየ5,000 ማይሉ እቀይራለሁ፣ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ከዚያ በላይ ቢፈቅድም። ከመግዛታችሁ በፊት መጽሐፉ ፕሪምየም ነዳጅ (ከመደበኛው የሚወደደውን ቤንዚን) «ይመከራል» ወይስ «ግዴታ ነው» እንደሚል እዩ፤ የእኔ መኪና መጽሐፍ «ግዴታ ነው» ይላል። አብሯት የመጣው የበጋ ጎማም ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ይደርቃል፣ ለክረምት ሌላ አራት ጎማ ገዝቻለሁ። ይህን ማንም አልነገረኝም።

«በ3 ቀን መመለስ ይቻላል» የሚባለውንም አትመኑ። ያ የፌደራል ደንብ እቤታችሁ መጥቶ ለሚሸጥላችሁና ለመሳሰለው ነው እንጂ ዲለር ግቢ ገብታችሁ ለፈረማችሁት መኪና አይደለም። መኪናው አይመለስም። የተራዘመውን ዋራንቲ ግን አብዛኛውን ጊዜ መሰረዝ ይቻላል። እኔ ሰርዤዋለሁ፤ ከ75,000 ማይሉ ሩቡን ስለነዳሁ ሩቡን ቆረጡ፣ 50 ዶላር የስረዛ አሉና 2,875 ዶላር መለሱ። ቼኩ ለእኔ አልመጣም፣ በቀጥታ ወደ ባንኩ ነው የሄደው። ወርሃዊ ክፍያዬም ያው ነው፤ ዕዳው የሚያልቅበት ወር ነው የቀረበው።

ብዙዎቹ ውሎች በመጀመሪያው 30 ወይም 60 ቀን፣ ምንም ጥያቄ ካላቀረባችሁበት፣ ሙሉውን ይመልሳሉ። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ ነውና በቅርብ የፈረማችሁ ካላችሁ ዛሬ ማታ ውሉን አውጡና ስለ ስረዛ የሚለውን አንቀጽ ፈልጉ። ጥያቄውን በጽሑፍ ላኩ፤ ለሻጩ በስልክ ከነገራችሁት «እሺ ወንድሜ፣ እኔ አደርግልሃለሁ» ይላችሁና ቀኑ ያልፋል።