ጅማ ውስጥ ቤታችሁ ዓሣ ለምታሳድጉ፦ አንድ ባለሙያ ልጠቁማችሁ

ሄርማታ መርካቶ አካባቢ ኤሌክትሮኒክስ የሚጠግን አንድ ወጣት አለ። ስሙንና ስልኩን እዚህ እንዳልለጥፍ ስለጠየቀኝ አልጽፈውም፤ የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። የሠራልኝን ሳልናገር ብቀር ግን ውለታ መብላት ይሆንብኛል።

ሳሎን ያለው የጎልድፊሽ ገንዳዬ ውሃው አረንጓዴ ሆኖ ዓሦቹ ጭራሽ አይታዩም ነበር። ብቀይረውም ተመልሶ ያው ነው። ዓሦቹን የሸጠልኝ ሰው "የኦዞን ማሽን ግዢ፣ ሁሉንም ያጠራልሻል" ብሎኝ ብሩን አዘጋጅቼ ነበር። ይሄ ልጅ ግን ገንዳውን አየና "እትዬ፣ ኦዞን ለእርስዎ ቤት አይሆንም፤ ብርዎን ይያዙ" አለኝ። ራሱ አስመጥቶ ሊሸጥልኝ ይችል ነበር እኮ!

ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። ኦዞን ጋዝ ነው፤ ከውሃው ጋር የሚገናኘው ለብቻው በተዘጋጀ ዕቃ ውስጥ ሆኖ ትርፉ በከሰል ተጣርቶ ካልወጣ የዓሣውንም የሰውንም መተንፈሻ ይጎዳል። ሽታው ከተሰማ ወደ ቤት እየወጣ ነው ማለት ነው። በብዛት የሚጠቀሙበትም የጨው ውሃ ገንዳ ያላቸው ናቸው። እናቴ አስም እንዳለባት ስነግረውማ ጨርሶ አይታሰብም አለ።

የገጠመልኝ ዩቪ ነው፤ አልትራቫዮሌት የሚባል ጨረር የሚያወጣ መብራት ማለት ነው። መብራቱ በኳርትዝ መስታወት ተሸፍኖ ዝግ ቱቦ ውስጥ ይቀመጣል፣ ውሃው በጎኑ ያልፋል፤ 254 ናኖሜትር አካባቢ ያለው ጨረር ውሃው ውስጥ የሚንሳፈፈውን አልጌ፣ ማለትም ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገውን ደቃቅ ነገር፣ እንዳይራባ ያደርገዋል። ብርጭቆው ላይ የተለጠፈውን አልጌ ወይም ዓሣው ገላ ላይ ያለውን ተባይ ግን አይነካም፤ ፊልተሩ ስፖንጅ ላይ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎችም እንደዚሁ። የዓሣውን ቆሻሻና አሞኒያም አያጠፋም። ስለዚህ ውሃ መቀየሩ አይቀርም፣ ምግብም መቀነስ አለበት፣ ፀሐይ የሚያስገባው መስኮትም መጋረጃ ይፈልጋል አለኝ። ይህን ሁሉ ከሻጭ ሰምቼው አላውቅም።

በጣም የወደድኩለት አሠራሩን ነው። ዩቪውን ከፊልተሩ በኋላ አስገባው፤ ውሃው ደፍርሶ ከደረሰ ጨረሩ አያልፍም። ከዚያ መውጫውን ጎማ ጆግ ውስጥ ከትቶ በስልኩ ሰዓት እየያዘ በደቂቃ ስንት ሊትር እንደሚወርድ ለካና ቧንቧውን ትንሽ ትንሽ እየዘጋ አዘገመው። ውሃው ከፈጠነ ጨረሩ ሥራውን ሳይጨርስ ያልፋል። ገመዱን ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ እንዲንጠለጠል አደረገው፤ ውሃ ቢንጠባጠብ መሬት ላይ እንጂ ሶኬት ውስጥ እንዳይገባ ነው። ፓምፑንና ዩቪውን አንድ ዲቫይደር ላይ ሰካቸው፤ የኛን ከተማ መብራት ታውቁታላችሁ፣ ሲሄድ አብረው ይጠፋሉ፣ ሲመጣ አብረው ይነሳሉ። መብራቱ ከቱቦው ውጭ እንዳይበራ፣ ዓይንና ቆዳ እንደሚያቃጥል፣ ደጋግሞ አስጠነቀቀኝ።

አምፖሉ ከ8,000 እስከ 9,000 ሰዓት አካባቢ ነው የሚያገለግለው፤ ቀንና ሌሊት ከበራ ወደ አንድ ዓመት ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሰማያዊ ሆኖ ቢበራም ጨረሩ ደክሟል። የተገጠመበትን ቀን ፕላስተር ላይ ጽፎ ቱቦው ላይ ለጥፎልኛል። ኳርትዙ ላይ ነጭ ነገር ሲጋገርም ሶኬቱን ነቅዬ በአቼቶ በራሰ ጨርቅ እንድጠርገው አሳየኝ።

ሳምንት ሳይሞላ ጠጠሩ ሳይቀር መታየት ጀመረ። ቆየት ብሎ አንዱ ዓሣ ነጭ ነጠብጣብ ሲያወጣ በምሽት ደወልኩለት። አነሳ። መድኃኒት ከመጨመሬ በፊት ዩቪውን እንዳጠፋ ነገረኝ፤ ጨረሩ አንዳንድ መድኃኒት ያበላሻል። ለዚህ ምክር አንድ ብር አልጠየቀኝም።

ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ፤ እንጀራህን ያስፋልህ። አጋሮ ድረስም እሄዳለሁ ብሎኛል። ልትደውሉለት ስታስቡ ግን የገንዳችሁን ርዝመት፣ ወርድና ከፍታ ለክታችሁ ያዙ፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።