ሦስቱ ኳሶችና ባለሞላዋ ቱቦ

ኅብለ ሠረሠሬ (በአከርካሪ ውስጥ የሚያልፈው የነርቭ ገመድ) የተጎዳው አንገቴ ላይ ነው፤ ሲ6 የሚሉት ጋ፣ ከላይ ሲቆጠር ስድስተኛው። ከሆስፒታል ስወጣ ሰው ሁሉ ስለ እግሬ ይጠይቀኝ ነበር። እኔን ያስጨነቀኝ ግን ድምፄ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ሳልጨርስ ትንፋሼ ያልቃል። ልጄን ከሌላ ክፍል ስጠራት አትሰማኝም። በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለት የትንፋሽ መለማመጃዎች ሞክሬአለሁ። ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ ያየሁትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የያዝኩት ባለሦስት ኳሱን ስፓይሮሜትር ነው። ግልጽ ፕላስቲክ ነው፤ ሦስት ጠባብ ክፍሎች አሉት፤ በየክፍሉ አንድ ቀላል ኳስ ተቀምጣለች። በቱቦው አየር ስትስቡ ኳሶቹ ይነሳሉ። 600፣ 900፣ 1200 የሚል ተጽፎበታል፤ በሰከንድ የሚሳበው አየር በሚሊ ሊትር መሆኑ ነው። የመጀመሪያ ቀን አንደኛዋ ተነሳች። ሁለተኛዋ ትንሽ ተንቀጠቀጠችና ተመልሳ ቁጭ አለች። ያቺን መንቀጥቀጥ እስካሁን አልረሳትም። ከአደጋው በኋላ ሰውነቴ ያደረገውን ነገር በዓይኔ ያየሁት ያኔ ነው።

ችግሩ ኳሶቹ የሚናገሩት ፍጥነትን ብቻ መሆኑ ነው። ባንዴ ሹፍ አድርጌ ስስብ ኳሶቹ ይዘላሉ፤ ሳንባዬ ግን አልሞላም። አንድ ሳምንት ሙሉ እንደዚያ ስደክም ከረምኩ፤ ራሴንም አዞረኝ። ፊዚዮቴራፒስቷ አይታኝ፣ «ማስዘለሉን ተዪው። አንደኛዋን ብቻ አንሥተሽ ያዢያት፤ ሌሎቹ ባይነሱም ግድ የለም» አለችኝ። በዝግታ መሳብ ከባድ መሆኑን ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።

ሌላም ቅሬታ አለኝ። መመሪያው «ቀጥ ብለው ይቀመጡ» ይላል። ይህ ለእኔ ዓይነቱ ሰው የተጻፈ አይደለም። ዲያፍራም፣ ማለትም ከሳንባ ሥር ያለው ዋናው የመተንፈሻ ጡንቻ፣ ነርቩን የሚያገኘው ከጉዳቴ በላይ፣ ከሲ3 እስከ ሲ5 ነው፤ ስለዚህ የእኔ ይሠራል። የጎድንና የሆድ ጡንቻዎች ግን ነርቫቸው ከዚያ በታች ስለሚነሳ ትእዛዝ አይደርሳቸውም። ስቀመጥ ሆዴ ወደ ፊት ይዘረገፋል፤ ዲያፍራሙም ደጋፊ ያጣና ዝቅ ብሎ ይቀራል። ስተኛ ሆዴ ወደ ላይ ይገፋዋል። ስለዚህ በጀርባዬ ተኝቼ የምስበው አየር ተቀምጬ ከምስበው ይበልጣል። ብዙ ሰው የሚያውቀው ተቃራኒውን ነው። መጀመሪያ ተኝቼ ተለማመድኩ። ከዚያ ሰፊ የሆድ ቀበቶ ታጥቄ ዊልቸሬ ላይ ሞከርኩ። ሁለተኛዋ ኳስ ተነሳች! እህቴ አጠገቤ ነበረች፤ ሁለታችንም አለቀስን።

ባለሞላዋ ቱቦ ከዚህ ትለያለች። ውስጧ ሞላ የሚደግፈው ክዳን አለ፤ ሞላውን በሚያሸንፍ ጉልበት ካልሳባችሁ አየር አይገባም። በፍጥነት አትታለልም። የእኔ ከ9 እስከ 41 ሴንቲ ሜትር የውሃ ግፊት ድረስ ትስተካከላለች። በ9 ጀመርኩ፤ አሁን 25 ላይ ነኝ። ጠዋት ሠላሳ፣ ማታ ሠላሳ ትንፋሽ። ለጡንቻ ጉልበት ከኳሶቹ እሷን አስበልጣለሁ።

አያያዟ ግን ያስቸግራል። ጣቶቼ አይጨብጡም። አንጓዬን ወደ ኋላ ሳጥፍ በራሳቸው ትንሽ ይታጠፋሉ፤ በዚያ ነው የምይዛት። ፕላስቲኩ ስለሚያዳልጥ እህቴ ጨርቅ ጠመጠመችበት። ማስተካከያውን ማዞርም የእሷ ሥራ ነው። እጅ የማይታዘዘው ሰው ብቻውን እንዲጠቀምባት ማን እንዳሰበ አላውቅም፤ ቢያስቡበት ኖሮ አንድ ማንጠልጠያ አይጠፋም ነበር።

ሁለቱም የማይሠሩልኝ ነገር ሳል ነው። ሁለቱም የሚያጠነክሩት አየር ማስገባትን ነው። አክታን የሚያወጣው ግን ወደ ውጭ የሚገፋው የሆድ ጡንቻ ነው፤ የእኔ ደግሞ ዝም ብሏል። አንድ ሌሊት ጉንፋን ይዞኝ አክታው ጉሮሮዬ ላይ ተሰካ፤ ማስወጣት አቃተኝ። እህቴ በተማረችው መሠረት መዳፎቿን ከጎድኔ በታች አሳረፈች። «በደንብ ሳቢ... አሁን!» አለችና እኔ ስስል ወደ ውስጥና ወደ ላይ ገፋችኝ። በሦስተኛው ወጣልኝ። እባካችሁ፣ ዕቃውን ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ባለሙያ እንዲያስተምራችሁ ጠይቁ። አጠገባችሁ ያለው ሰውም አብሮ ይማር። የሳንባ ምች ለእኛ ቀልድ አይደለም።

ጽዳቱ ቀላል ነው። በሞቀ ውሃና በሳሙና አጥቦ፣ አራግፎ፣ በደንብ ማድረቅ። ስለማመድ አፍንጫዬን የምዘጋባት መቆንጠጫ ስፖንጅ ግን ቶሎ ተላጠብኝ።

ባለፈው ሳምንት ልጄን ከመኝታ ክፍሌ ጠራኋት። ሳሎን ሆና «አቤት እማዬ!» አለች።