የጀማሪዎች የፒክልቦል ዕቃ በኮንዶሚኒየም ግቢ፦ መረቡ ጥሩ፣ ኳሱ የማይሆን፣ የሕግ ወረቀቱ ጎደሎ

ከየካ አባዶ እስከ ኮዬ ፈጬ፣ በአዲስ አበባ ዳር ባሉ የኮንዶሚኒየም ግቢዎች ለእግር ኳስ የሚበቃ ሜዳ ማግኘት ይቸግራል። ቀዳዳ ያለውን የፕላስቲክ ኳስ በራኬት እየመቱ በመረብ ላይ የሚቀባበሉበት ፒክልቦል ግን ያን ያህል ቦታ አይፈልግም። ሜዳው 13.41 ሜትር ርዝመትና 6.10 ሜትር ወርድ አለው፤ ለመሮጫ ዙሪያውን ሲተዉለት 18.29 በ9.14 ሜትር ይሆናል። ሰባት ሰባት መኪና ፊት ለፊት የሚቆምበት የተለሰነ ቦታ በቂ ነው ማለት ነው።

እዚህ የምንገመግመው ለጀማሪ የሚሸጠውን ሙሉ ካርቶን ነው፦ 4 ራኬት፣ 4 ኳስ፣ በብረት ዘንግ የሚገጣጠም መረብ፣ መያዣ ቦርሳና አንድ የሕግ ወረቀት። መረቡና ራኬቶቹ ለጀማሪ ከበቂ በላይ ናቸው። ኳሶቹ ለግቢ አይሆኑም። ወረቀቱን ብቻ ይዞ የጀመረ ሰው ደግሞ ሌላ ጨዋታ ነው የሚለምደው።

መረቡን መትከል ሁለት ሰው ካለ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። መጀመሪያ የታች ዘንጎችን መሬት ላይ ዘርግታችሁ አያይዙ፣ ከዚያ የመሃል ድጋፉን አስገቡ፣ ቋሚዎቹን ትከሉ፣ መረቡን አልብሱ፣ የዳር ማጥበቂያውን በመጨረሻ ሳቡ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። መሃሉ ሳይደገፍ ዳሩ ከጠበቀ ቋሚዎቹ ወደ ውስጥ ይጎብጣሉ፣ መረቡም ይረግባል። ትክክለኛው ቁመት ዳር ላይ 91.4፣ መሃል ላይ 86.4 ሳንቲሜትር ነው፤ በዓይን ሳይሆን በሜትር ለኩት። መሃሉ አምስት ሳንቲሜትር ዝቅ ማለቱ ሆን ተብሎ የተደረገ ስለሆነ ቀጥ ለማድረግ አትታገሉ። የብረቱ ቅለት ለመሸከም ይመቻል፣ ለነፋስ ግን ችግር ነው። በበጋ ከሰዓት በኋላ ሜዳ ለሜዳ የሚመጣው ነፋስ መረቡን ይጥለዋል። በሁለቱም እግር ላይ ውሃ የሞላ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ማሰር በቂ ነው።

ራኬቶቹ ፊታቸው ፋይበርግላስ፣ ውስጣቸው እንደ ማር እንጀራ የተቦረቦረ ፕላስቲክ ነው። ከ210 እስከ 240 ግራም የሚመዝን ራኬት ለጀማሪ ተስማሚ ነው፤ ከ300 ግራም በላይ የሚሄዱት የእንጨት ራኬቶች ክንድን ቶሎ ያደክማሉ። ከሱቅ ሳትወጡ ፊቱን ዙሪያውን በጣታችሁ መገጣጠሚያ አንኳኩ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ የታፈነ ድምፅ ከሰጠ ውስጡ ከፊቱ ተላቋልና አስቀይሩ።

ወደ ኳሱ ስንመጣ ቅሬታችን ከባድ ነው። በካርቶኑ ያሉት ሰፋ ሰፋ ያለ 26 ቀዳዳ ያላቸው፣ ለአዳራሽ የተሠሩ ናቸው። ለውጭ ሜዳ የሚያስፈልገው ትንንሽ 40 ቀዳዳ ያለውና ጠንከር ያለው ኳስ ነው። የአዳራሹ ኳስ በነፋስ ይንሳፈፋል፣ ሻካራ ሲሚንቶም ቶሎ ይፍቀዋል። ጀማሪን ግራ የሚያጋባ ሌላም ነገር አለ። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ የሳሳ አየር ኳስን ብዙም አይገታም። በቪዲዮ የምታዩት ምት እዚህ ሲደገም ከኋላ መስመር የሚወጣው ለዚህ ነው። ክንዳችሁን አሳጥሩ እንጂ ራኬት አትቀይሩ። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ደግሞ ፕላስቲኩ በብርዱ ስለሚጠነክር ኳሱ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ በሁለት ቀዳዳዎች መሃል እንደ ፀጉር ቀጥኖ ስለሚጀምር ዓይን ያመልጠዋል። ኳሱን እያዞራችሁ በአውራ ጣት ስትጫኑት ግን አፉን ይከፍታል።

ሜዳውን በጠመኔና በሲባጎ አስምሩ። ኮብልስቶን ላይ አትሞክሩት፤ ኳሱ በድንጋዮቹ ጠርዝ እየተመታ በፈለገበት ይነጥራል። አራቱ ማዕዘኖች ትክክል መሆናቸውን ለማረጋገጥ ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ለኩ፤ ሁለቱም 14.73 ሜትር መምጣት አለባቸው። ከመረቡ ግራና ቀኝ 2.13 ሜትር ላይ አንድ አንድ መስመር ይሰመራል። በእሱና በመረቡ መካከል ያለው ቦታ ተጫዋቾች ኪችን የሚሉት ነው። የመሃሉ መስመር ከኪችን መስመር እስከ ኋላ መስመር ብቻ ይሄዳል፣ ኪችን ውስጥ አይገባም። ወረቀቱ ልኬቱን በጫማ ብቻ ስለጻፈ እነዚህን ቁጥሮች ጀርባው ላይ ገልብጡበት።

አሁን ወደ ሕጉ። በወረቀቱ ላይ ሰርቭ፣ ማለትም የመክፈቻውን ምት፣ የሚመታው ሰው እጁን ከራሱ በላይ አንስቶ ተስሏል፤ ያ ሜዳ ቴኒስ ነው። በፒክልቦል ሰርቭ ከታች ወደ ላይ ይመታል፦ ኳሱ ከወገብ በታች፣ የራኬቱ ራስም ከእጅ አንጓ በታች ሆኖ። ይህ ከከበዳችሁ ኳሱን ሳትወረውሩና ሳትገፉ ከእጃችሁ ልቀቁት፣ ነጥሮ ሲነሳ ምቱት፤ በዚህኛው አመታት የወገቡና የአንጓው ገደብ የለም። ለጀማሪ የምንመክረው ይህን ነው። ኳሱ በሰያፍ ሄዶ ከኪችን ማዶ ማረፍ አለበት። የኪችኑን መስመር ከነካ ጥፋት ነው፤ ሌሎቹን መስመሮች ቢነካ ግን ውስጥ ነው። ዕድሉ አንድ ብቻ ነው። መረብ ነክቶ በትክክለኛው ቦታ ያረፈ ሰርቭ ከ2021 ወዲህ አይደገምም፣ ጨዋታው ይቀጥላል።

ቀጥሎ የሁለት ንጥረት ሕግ አለ። ሰርቩን የሚቀበለው ወገን ኳሱን አንጥሮ ይመታል፤ የሰርቩ ባለቤት ወገንም መልሱን አንጥሮ ይመታል። ከዚያ በኋላ ነው አየር ላይ መምታት የሚፈቀደው። ወረቀቱ የሁለተኛውን ግማሽ አልጻፈውም፤ ስለዚህ ሰርቭ መትቶ ወዲያው ወደ መረብ የሚሮጥ ሰው ነጥብ ሲያጣ ለምን እንደሆነ አይገባውም።

ኪችን ላይ ትንሽ እንቆይ፣ የጨዋታው ልብ እዚያ ነውና። ወረቀቱ «ኪችን አይገባም» ይላል፤ ስህተት ነው። መግባት በማንኛውም ጊዜ ይቻላል፤ የማይቻለው እዚያ ቆሞ ኳስን ሳይነጥር አየር ላይ መምታት ነው። መስመሩም የኪችን ነው። ሰኞ ማክሰኞ የተጫወተ ሰው መስመር የረገጠ ተራውን እንደሚያጣ ያውቃል፤ ይህም እንደዚያው ነው። ኳስ ከፍ ብላ መጣች እንበል። ከመስመሩ አንድ ስንዝር ወደ ኋላ ቆማችሁ አየር ላይ መታችኋት፣ ባላጋራ ሊደርስባት አልቻለም፣ ሁለቴ ነጠረች። የምታችሁ ኃይል ግን ወደ ፊት ስቧችሁ የጫማችሁ ጫፍ ጠመኔውን ነካ። ነጥቡ ተበላሸ፣ ኳሷ ቀድማ ብትሞትም። ባርኔጣችሁ ኪችን ውስጥ ቢወድቅም ያው ነው። ኪችን ገብቶ የነበረ ሰውም ሁለቱንም እግሩን ውጭ ሳያሳርፍ አየር ላይ መምታት አይችልም። መፍትሔው እግርን ከመስመሩ አንድ እርምጃ ያህል አርቆ መቆምና ከወገብ በላይ ወደ ፊት አለማዘንበል ነው።

ነጥብ የሚያገኘው ሰርቭ የያዘው ወገን ብቻ ነው። ጨዋታው በ11 ያልቃል፤ ግን በ2 መብለጥ ያስፈልጋል፤ 11 ለ 10 አያልቅም። በጥንድ ሲጫወቱ ሦስት ቁጥር ይጠራል፦ የራስ ነጥብ፣ የባላጋራ ነጥብ፣ ስንተኛው መቺ እንደሆነ። «አራት፣ ሰባት፣ አንድ» ማለት እኛ 4፣ እነሱ 7፣ የሚመታው የመጀመሪያው ሰው ነው። እሱ ሲሸነፍ «አራት፣ ሰባት፣ ሁለት» ተብሎ ጓደኛው ይመታል፤ እሱም ሲሸነፍ ሰርቩ ወደ ማዶ ይሄዳል፣ እነሱም ከቀኝ በኩል «ሰባት፣ አራት፣ አንድ» ብለው ይጀምራሉ። ነጥብ ባገኛችሁ ቁጥር ሁለታችሁ ቦታ ትለዋወጣላችሁ፤ ተቀባዮቹ አይንቀሳቀሱም። ጨዋታው ሲከፈት ግን ጀማሪው ወገን አንድ መቺ ብቻ ስላለው «ዜሮ፣ ዜሮ፣ ሁለት» ይባላል። ወረቀቱ ስለ ሦስተኛው ቁጥር አንድም ቃል የለውም፤ በግቢ የሚነሳው ጭቅጭቅ አብዛኛው ከዚህ ነው።

ዕቃውን ግዙት እንላለን። ግን ሻጩ አራቱን ኳሶች በባለ 40 ቀዳዳ እንዲለውጥላችሁ ጠይቁ፤ ካልሆነም ሁለት ለብቻ ጨምሩ። የራኬት እና የኳሱ ግጭት ጠጣር ድምፅ ስላለው፣ ከመኝታ ቤት መስኮት ስር የሚተከል መረብ ደግሞ ጎረቤት ያስቆጣል፤ ከሕንፃው የጎን ግድግዳ፣ መስኮት በሌለበት በኩል ይተከል።