የሊዮን ሌቪ የሙት ባሕር ጥቅልሎች ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት፦ ሄኖክንና ኩፋሌን ፍለጋ ለሚገባ ሰው ምን ያህል ይጠቅማል?

በሙት ባሕር ዳር፣ ቁምራን በተባለው ስፍራ ከተገኙት ጥቅልሎች መካከል የመጽሐፈ ሄኖክና የመጽሐፈ ኩፋሌ ቁራጮች እንዳሉ የሰማ ሰው ብዙ ነው። የቁራጮቹን ፎቶግራፍ በነጻ የሚያሳይ ድረ ገጽ አለ፤ ሆኖም «ሄኖክን ላንብብ» ብሎ በባዶ እጁ የሚገባ ሰው ባዶ እጁን ይወጣል። ይህ ግምገማ አገልግሎቱን የሚመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ የእነዚህን መጻሕፍት ጥንታዊነትና በመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች ዘንድ የነበራቸውን ቦታ መመርመር ለሚፈልግ አንባቢ ምን ይሰጣል?

ድረ ገጹን በታኅሣሥ 2012 እ.ኤ.አ. የከፈተው የእስራኤል የቅርሶች ባለሥልጣን ሲሆን ጉግል በቴክኖሎጂው ተባብሯል። እያንዳንዱ ቁራጭ ከፊትም ከጀርባም በ12 የብርሃን ሞገዶች ተነሥቷል። ተጠቃሚው የሚያየው ግን በዋናነት ሁለት ዓይነት ምስል ነው፤ ባለ ቀለሙንና ኢንፍራሬዱን፣ ማለትም ዓይን በማያየው ብርሃን የተነሣውን። ከእነዚህ ጎን በ1950ዎቹ የተነሡት የቀድሞዎቹ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፎች ተቀምጠዋል።

ኢንፍራሬዱ የአገልግሎቱ ትልቁ ጸጋ ነው። የቁምራን ጸሐፍት ቀለም በአብዛኛው ከጥላሸት የተሠራ ነው፤ የእኛም የብራና ጸሐፍት ጥቁር ቀለም ከዚያው ስለሆነ ነገሩ እንግዳ አይሆንብንም። ቆዳው 2,000 ዓመት ቆይቶ ሲጠቁር ከቀለሙ ጋር ይመሳሰልና ዓይን መለየት ያቅተዋል። ኢንፍራሬድ ብርሃን ሲያርፍበት ግን ጥላሸቱ ይውጠዋል፣ የጠቆረው ቆዳ ያንጸባርቀዋል፤ ጽሑፉ ጠቁሮ መደቡ ነጥቶ ይወጣል። አደጋም አለው፦ የቆዳ ስንጥቅ፣ ቀዳዳና የእጥፋት ጥላ ሁሉ ጥቁር ሆነው ስለሚታዩ ሰረዝ ወይም ፊደል ይመስላሉ። ስለዚህ አጠራጣሪ ፊደል ሲገጥም ያንኑ ቦታ በባለ ቀለሙ ምስል አጉልቶ ማየት ግድ ነው። የ1950ዎቹንም ፎቶ አይናቁት። በጥራት ከአዲሱ ያንሳል፤ ግን ያን ጊዜ የነበሩ አንዳንድ የጠርዝ ፊደሎች ከዚያ ወዲህ ተፈርፍረዋል። የዚያ ዘመን ሊቃውንት ቁራጮቹን በማጣበቂያ ፕላስተር እያያዙ ይገጣጥሙ ስለነበር ሙጫው ቆዳውን አጥቁሮ ጎድቶታል።

ወደ ፍለጋው እንግባ። «ሄኖክ» ብሎ ከመፈለግ በጽሑፉ ቁጥር መፈለግ ይሻላል። ቁጥሩ የሚጻፈው እንዲህ ነው፦ በመጀመሪያ የዋሻው ቁጥር 4፣ ቀጥሎ ቁምራንን የሚወክለው የላቲን ፊደል «ኪው»፣ በመጨረሻ የጽሑፉ ተራ ቁጥር፤ ለምሳሌ 4Q204። የአራማይኩ ሄኖክ 201፣ 202፣ ከ204 እስከ 207 እና 212 ነው፤ ስለ ፀሐይና ጨረቃ ዑደት የሚናገረው ክፍል ከ208 እስከ 211 ይገኛል። መካከል ላይ ያለው 203 መጽሐፈ ረዓይት (የግዙፋን መጽሐፍ) የሚባለው ሌላ ድርሰት ስለሆነ አያሳስትዎ። የዕብራይስጡ ኩፋሌ ከ216 ጀምሮ ነው፤ ጦቢት ከ196 እስከ 200። «መጽሐፍ ቅዱስ» በሚለው ክፍል ሥር ሄኖክንና ኩፋሌን መፈለግ ድካም ነው፤ አከፋፈሉ የአይሁድንና የምዕራባውያንን ቀኖና የተከተለ እንጂ የእኛን 81 መጻሕፍት አይደለም።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፦ ድረ ገጹ ቁራጮቹን የሚቆጥረው በመጋዘን በተደረደሩበት ሰሌዳ ነው። ሊቃውንቱ ባሳተሙት ጥናት ውስጥ «ቁራጭ 1» የተባለው በድረ ገጹ ላይ ሌላ ቁጥር ሊኖረው ይችላል፤ የአንድ ጥቅልል ቁራጮችም በተለያዩ ሰሌዳዎች ላይ ተበታትነው ሊገኙ ይችላሉ። የሚፈለገውን ከሚታየው ጋር ማገናኘት የሚቻለው በመልክ ነው። የታተመውን ፎቶ አጠገብ አስቀምጦ የጠርዙን ቅርጽ ማመሳሰል ያስፈልጋል። ለሄኖክ፣ የአራማይኩን ቁራጮች ያሳተመው ሊቅ የሚሊክ የ1976ቱ ኅትመት መነሻ ነው፤ በቤተ መጻሕፍት ይፈልጉት።

ከዚህ የሚብሰው ጉድለት ንባብ አለመኖሩ ነው። ፎቶው አለ፤ ከጎኑ ግን «ይህ ሄኖክ ምዕራፍ ይህ ቁጥር ይህ ነው» የሚል ጽሑፍም ትርጉምም የለም። አማርኛማ ጭራሽ አይታሰብም። ያም ሆኖ የግእዝ አንባቢ ከሌላው የተሻለ መነሻ አለው። ዳዊት የደገመ ሰው የፊደሎቹን ስም ከመዝሙር 118 ያውቃቸዋል፤ አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል። የሚቀረው መልካቸውን መልመድ ነው። ቃላቱም ዘመድ ናቸው፤ በአራማይኩ «ቃዲሽ» የሚለው ቃል «ቅዱስ»ን ለሚያውቅ አይጠፋውም።

ለሙከራ የሚሆን አንድ ቦታ እንውሰድ፤ ለክርስትና ታሪክ ከሁሉ የሚከብደውን። የይሁዳ መልእክት ቁጥር 14 እና 15 ሄኖክን በስሙ ጠርቶ ይጠቅሳል፤ ጌታ ከአእላፋት ቅዱሳኑ ጋር ስለ መምጣቱ። ይህ ሄኖክ 1፥9 ነው፤ በግእዙ «ናሁ መጽአ በትእልፊት ቅዱሳን» ተብሎ ይገኛል። ግእዙ የተሟላው ብቸኛ ቅጂ ስለሆነና ያሉት ብራናዎችም ከመካከለኛው ዘመን ወዲህ ስለሆኑ፣ «ከይሁዳ ተወስዶ ወደ ሄኖክ የገባ ቢሆንስ?» የሚል ጥርጣሬ ሊነሣ ይችል ነበር። 204 የተባለው ጥቅልል መልሱን ይዟል። ከዚያ ጥቅስ በውስጡ የተረፈው ጥቂት ፊደል ነው፤ ከተረፈው ውስጥ ግን «ቅዱሳኑ» የሚለው ቃል አብዛኛው ይነበባል። የእጅ ጽሑፉ የተመደበው በመጨረሻው ቅድመ ክርስቶስ ክፍለ ዘመን ነው፤ ይሁዳ ሳይጽፍ በፊት ማለት ነው። ጥቅሱ የመጣው ከሄኖክ ወደ ይሁዳ ነው።

ያ ጥቅስ በኋላ ብዙ አከራክሯል። የጥንቱ የላቲን ክርስቲያን ጸሐፊ ጠርጡልያኖስ ይሁዳ ስለ ጠቀሰው ሄኖክ ተቀባይነት አለው ብሎ ተሟገተ። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ላቲን የተረጎመው ጄሮም ደግሞ የይሁዳን መልእክት ራሱን ብዙዎች የሚገፉት ሄኖክን ስለሚጠቅስ እንደሆነ ጽፏል። ያን ሁሉ ክርክር ያስነሣው ዐረፍተ ነገር በኢንፍራሬድ ምስል ላይ ከጥፍር የማይበልጥ ቦታ ይዞ ሲታይ አገልግሎቱ ዋጋውን ያወጣል፤ ዋጋ ባይጠየቅበትም።

«የሰው ልጅ» በክብር ዙፋን ተቀምጦ ሲፈርድ የሚያሳየውን ክፍል፣ ከምዕራፍ 37 እስከ 71 ያለውን ፍለጋ የሚገባ ሰው ግን ጊዜውን ያባክናል። ከማቴዎስ 25፥31 ጋር የሚነጻጸረው ይህ ክፍል በቁምራን አንድም ቁራጭ አልተገኘለትም። አገልግሎቱ ያጎደለው ሳይሆን ከዋሻው ያልወጣ ነው። ይህን ክፍል የያዘው ግእዙ ብቻ ነው፤ ለእርሱ በአሜሪካ ሚኒሶታ ያለው የሂል ገዳማዊ ጽሑፎች ሙዚየምና ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ይሻላል። የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም እዚያ አለ፤ በነጻ መመዝገብ ይጠይቃል።

ጀማሪ በሄኖክ ከሚጀምር በኩፋሌ 216 ቢጀምር ይቀለዋል። ዕብራይስጥ ነው፣ የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች ከፊል ይዟል፤ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት የምናውቀው የ22ቱ ሥነ ፍጥረት ነገር ያለበትን ምዕራፍ 2 ጨምሮ። ፊደል ሳያውቁ እንኳ የሚታይ ነገር አለው፦ ሁለት ቆዳ በስፌት ተያይዟል፣ ጸሐፊዎቹም ሁለት ናቸው። የፊተኛው ቆዳ እጅ ከኋለኛው በዕድሜ ያንሳል። የጥቅልል መጀመሪያ ቶሎ ስለሚያልቅ ተቀይሮ ይሆናል፤ ያረጀ ጥራዝ ነቅሎ አዲስ መስፋት በእኛም ዘንድ ያለ ነው።

ስለ አጠቃቀም ጥቂት። ምስሎቹ ከባድ ናቸው፤ በሞባይል ዳታ ከመክፈት ዋይፋይ ያለበት ቦታ መክፈት ይሻላል። ሲጎላ መጀመሪያ ደብዝዞ ይመጣና ቀስ ብሎ ይጠራል፤ ሳይጠራ «አይነበብም» ብሎ መዝጋት የተለመደ ስሕተት ነው። ስልክ ላይ ሁለት ምስል ጎን ለጎን ማነጻጸር ስለማይመች ኮምፒውተር ይመረጣል፤ ባለ ቀለሙን በአንድ መስኮት፣ ኢንፍራሬዱን በሌላው። ከእስራኤል ሙዚየም ድረ ገጽ ጋርም አያምታቱት። ያኛው ታላቁን የኢሳይያስ ጥቅልል ጨምሮ አምስት ጥቅልሎችን የሚያሳይ ነው፤ ሄኖክም ኩፋሌም የሉበትም።

ለምስል ጥራት ከ5 5 ይገባዋል፤ ለመሪነት ከ2 አይበልጥም። ለግል ጥናት ማየት በነጻ ነው። ምስሉን በመጽሔት ወይም በመጽሐፍ ማተም የሚፈልግ ግን አስቀድሞ ከባለሥልጣኑ ፈቃድ መጠየቅ አለበት፤ ሲጠይቅም የጥቅልሉን ቁጥር ብቻ ሳይሆን የሰሌዳውንና የቁራጩን ቁጥር አብሮ ይጻፍ።