ለደረቀ ዋልካ የትራክተር ብሌድ፦ የ1.8፣ የ2.1 እና የ2.4 ሜትሩ ሲመዘኑ

ክረምቱ ወጥቶ ፀሐይ ሲጠነክር በጎንደር ዙሪያ ከአዘዞ እስከ ማክሰኝት፣ በሌላ በኩል እስከ ቆላ ድባ ያሉ የግቢና የመጋዘን መግቢያዎች መልካቸው አንድ ነው። አይሱዙና ባጃጅ ሲያቦኩት የከረመው ዋልካ የጎማው ቦይ እንዳለ ደርቆ ሲሚንቶ ይሆናል። አምስት ስድስት ሜትር ከሆነ በዶማ ይናዳል። 30 ሜትር ለሚረዝም መግቢያ ግን ትራክተር ያስፈልጋል። ከትራክተሩ ኋላ የሚንጠለጠለው ብሌድ፣ ማለትም መሬት የሚፍቀውና የሚያስተካክለው ሰፊ ምላጭ፣ በብዛት የሚመጣው በ1.8፣ በ2.1 እና በ2.4 ሜትር ስፋት ነው፤ ሻጩም ገዢውም የሚከራከሩት በስፋቱ ላይ ነው። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ግን ሌላ ነገር ነው።

ብሌድ ብቻውን የደረቀ ዋልካ አይቆርጥም። ሪፐር፣ ማለትም መሬቱን የሚፈረክስ ባለጥርስ መሣሪያ፣ ሳይኖረው ብሌድ የገዛ ሰው፣ የትኛውንም ስፋት ቢመርጥ ሥራው አይሠራለትም። ምክንያቱ የትራክተሩ ሊፍት፣ ከኋላ የተንጠለጠለውን ዕቃ የሚያነሱት ክንዶች፣ ነው። አብዛኛው የእርሻ ትራክተር ሊፍት ዕቃን ያነሳል እንጂ ወደ መሬት አይጫንም፤ ብሌዱ የሚወርደው በገዛ ክብደቱ ብቻ ነው። 200 ኪሎ የማይሞላው ቀላሉ የ1.8 ሜትር ብሌድ ደረቅ ዋልካ ላይ ሲያርፍ ምላጩ ላዩን ይፍቅና አቧራ ያነሳል፤ ጉብታ ሲያገኝ ይዘላል፣ ከዘለለ በኋላ ደግሞ ጉድጓዱን ያባብሰዋል። በረዷማ አገሮች ይኸው ብሌድ መኪና ረግጦ ያጠነከረውን በረዶ ከግቢ መንገድ ለማንሳት ይውላል። ችግሩ እዚያም ያው ነው፤ በጥርስ ካልተሰነጠቀ ምላጩ ከላይ ይንሸራተታል።

ክብደት ለመጨመር ሁለት ኩንታል አሸዋ በጆንያ አድርጎ ብሌዱ ላይ ጥብቅ አድርጎ ማሰር ይቻላል። ሰው ማስቆም ግን ፈጽሞ አይገባም። ልጆች ብሌዱ ላይ ቆመው ሲጎተቱ ማየት የተለመደ ሆኗል፤ ምላጩ ድንጋይ ሲነካ ብሌዱ በድንገት ይዘላል፣ የቆመው ሰው የሚወድቀው ከምላጩ ፊት ወይም ከጎማው ሥር ነው። ለኦፕሬተሩም ለባለንብረቱም ይህ በግልጽ ሊነገር ይገባል።

አሁን ስፋቱ። ብሌድ ቀጥ ብሎ ሲጎተት አፈሩ ጥቂት ሜትር ሄዶ በሁለቱም ጫፍ ይፈሳል፤ ስለዚህ ብዙው ሥራ የሚሠራው ብሌዱን 30 ዲግሪ አዙሮ ነው። ሲዞር ስፋቱ ይቀንሳል፦ የ1.8ቱ 1.56 ሜትር፣ የ2.1ዱ 1.82፣ የ2.4ቱ 2.08 ሜትር ብቻ ይሸፍናል። እንደ ማሲ ፈርጉሰን 385 ያለ ባለ 85 የፈረስ ጉልበት ትራክተር የኋላ ጎማዎቹ ከውጭ ጠርዝ እስከ ውጭ ጠርዝ 1.9 ሜትር ገደማ ናቸው። በ1.8ቱ ወይም በ2.1ዱ ሲሠራ ትራክተሩ አሁን የተስተካከለውን መሬት በገዛ ጎማው ይረግጠዋል። ለዚህ ጉልበት የሚመቸው ከ350 ኪሎ በላይ የሚመዝነው የ2.4 ሜትር ብሌድ ነው። የ2.1ዱ ጎማው ጠበብ ላለ፣ ከ50 እስከ 65 የፈረስ ጉልበት ላለው ትራክተር ጥሩ ነው። የ1.8ቱን ለገረጋንቲ መበተኛ ካልሆነ ለዋልካ አንመክረውም።

ከመግዛት ወይም ከመከራየት በፊት ብሌዱን ከትራክተሩ የሚያያይዘውን ፒን ውፍረት በካሊፐር መለካት ይገባል። ለአነስተኛ ትራክተር የተሠራው ብሌድ የታች ፒኑ 22 ሚሊ፣ የላይኛው 19 ሚሊ ነው፤ የትልቁ 28 እና 25 ሚሊ። ቀጭኑን ፒን ያለ ቡሽ (ክፍተቱን የሚሞላ የብረት ቀለበት) ትልቁ ትራክተር ላይ ያስገባ ሰው ብሌዱ እየተንገጫገጨ ቀዳዳውን ሲያሰፋበት ያያል። የሊፍት ክንዶቹን ከጎን የሚይዙት ሰንሰለቶችም መወጠር አለባቸው፤ ከላሉ ብሌዱ ግራ ቀኝ እየዋለለ መንገዱን እባብ ያስመስለዋል።

ወደ ሥራው እንግባ። ቀኑን የሚመርጠው እርጥበቱ ነው። ከመሬቱ አሥር ሴንቲ ገደማ ዝቅ ብሎ አፈር አውጥቶ በመዳፍ ማድቦልቦልና እንደ ክር ማቅጠን። ሦስት ሚሊ ሲደርስ መሰነጣጠቅ ከጀመረ ለሪፐር ትክክለኛው ቀን ነው። ሳይሰነጠቅ ከዚያ በታች የሚቀጥን ከሆነ ገና ጭቃ ነው፤ ጥርሱ ቦይ ያወጣል እንጂ አይፈረክስም፣ ጎማውም ይጠቀጥቀዋል። ጭራሽ አልጠቀለል ካለ ደርቋል። ዋልካ ውኃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በጣም ሲጣበቅና ድንጋይ ሲሆን መካከል ያለችው ጊዜ አጭር ናት፣ እሷን ማምለጥ አይገባም። ካመለጠች፣ ማለትም በኅዳርና ከዚያ ወዲያ፣ 30 በ4 ሜትር ለሆነ መግቢያ ስድስት በርሜል ያህል ውኃ ማምሻውን በሁለት ዙር መርጨትና አሳድሮ መግባት ነው። በአንድ ጊዜ ከተደፋ ውኃው ስንጥቁ ውስጥ ይገባና ላዩ ሳይርስ ይቀራል።

ሪፐሩ አምስት ጥርስ ቢኖረውም መጀመሪያ ሁለቱን ወይም ሦስቱን ብቻ አውርዱ። አምስቱም ከወረዱ ክብደቱ ይከፋፈልና አንዱም አይገባም። ቶፕ ሊንኩን፣ ከላይ የሚይዘውን ዘንግ፣ ማሳጠር የጥርሱን አፍ ወደ መሬት ያዘነብለዋል። ማርሹ ዝቅተኛ፣ ፍጥነቱ በሰዓት ከሦስት እስከ አራት ኪሎ ሜትር ይሁን። የመጀመሪያው ዙር አሥር ሴንቲ፣ ሁለተኛው ከ15 እስከ 20 ሴንቲ፣ በተቻለ መጠን ሰያፍ። ለመዞር ወይም ወደ ኋላ ለመመለስ ሪፐሩን ሁልጊዜ ከመሬት ማንሳት ግድ ነው። ጥርሱ መሬት ውስጥ እያለ መሪ ማዞር የሊፍት ክንድ ያጣምማል፤ የተበየደው መጋጠሚያም ከዚያ ነው የሚሰነጠቀው። አካባቢያችን ያሉ ኦፕሬተሮች ማረሻ ላይ የሠለጠኑ ስለሆኑ ልምዱን ይዘው ይመጣሉ፤ ብሌድና ሪፐር ግን ከማረሻ በላይ እጅ ይፈልጋሉ። ሊፍቱን በአንዴ ጥሎ በአንዴ የሚያነሳ ኦፕሬተር መንገዱን ሞገድ ያደርገዋል።

ከተፈረከሰ በኋላ ብሌዱ በ30 ዲግሪ ከዳር ወደ መሐል እየጎተተ የመንገዱን ሆድ ከፍ ያደርጋል። አራት ሜትር ስፋት ላለው መንገድ መሐሉ ከዳሩ ስምንት ሴንቲ ከፍ ካለ ውኃው ይወርዳል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሥራው ያለቀ ይመስለዋል፤ ዋልካ ግን ቢስተካከልም ዋልካ ነው፣ በሰኔ ይቦካል። በላዩ ተጠቅጥቆ 15 ሴንቲ የሚሆን ገረጋንቲ ያስፈልገዋል። ለ30 በ4 ሜትር 18 ሜትር ኩብ ነው፤ ሲጠቀጠቅ ስለሚቀንስ 23 ገደማ ማዘዝ ይገባል፣ አንድ ሲኖ ተኩል ያህል። ቀይ አሽ ርካሽ ሊሆን ይችላል፣ ነገር ግን ከባድ መኪና ሲያጠቃው ይደቃል። በዳርና ዳር ቦይ ከሌለ ገረጋንቲውም አይረዳም።

የኪራይ ክፍያ በሰዓት ከሆነ የትራክተሩን የሰዓት ቆጣሪ ሲጀምርና ሲጨርስ ማየት፣ የመምጫና የመመለሻ ጉዞ ማን እንደሚሸፍን አስቀድሞ መስማማት። እርጥበቱ ከተስማማ 30 ሜትር መግቢያ ሪፐሩም ብሌዱም አንድ ሰዓት ተኩል ቢበዛ ነው፤ ናፍጣውም በሰዓት ሰባት ስምንት ሊትር። ከዚያ በላይ ከወሰደ ወይ አፈሩ ደርቋል ወይ ብሌዱ ቀሏል። ከበር እስከ ቤት የተቀበረ የውኃ ቧንቧ ካለ መስመሩን በችካል ማመልከት ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ የሚቀበረው ከሪፐሩ ጥርስ ከፍ ብሎ ነው። መግቢያው ኮብልስቶን ላይ የሚወጣ ከሆነ ከጠርዙ አንድ ሜትር ሲቀር ብሌዱን አንስቶ የቀረውን በአካፋ መጨረስ ይሻላል። ምላጩ አንድ ድንጋይ ከፈነቀለ ጎረቤቶቹ ይከተላሉ።

ምላጩ በቡሎን የታሰረ፣ ከ12 እስከ 16 ሚሊ ውፍረት ያለው፣ ሁለቱም ጠርዙ የሚሠራ መሆን አለበት። መበላቱ ወደ ቡሎኑ ራስ ሳይደርስ ምላጩ ተገልብጦ ይታሰራል፤ ካለፈ ቡሎኑ ራሱ ይበላና ለመፍታት መቁረጥ ይመጣል። አዲስ ብሌድ ላይ ዳዶዎቹ ከመጀመሪያው የሥራ ሰዓት በኋላ እንደገና መጠበቅ አለባቸው። ጋራዥ ውስጥ ከባሌስትራ ምላጭ ማሠራት ይቻላል፣ ብረቱም ጠንካራ ነው፤ ግን ተበስቶ በቡሎን ይታሰር እንጂ አይበየድ፤ በብየዳው ዳር ያለው ብረት ስለሚደርቅ የመጀመሪያው ድንጋይ ይሰብረዋል።