ጎንደር ባዮሎጂ ለምትማሩ ልጆች፦ ካንሰር ባዮሎጂን ከእኚህ መምህርት ውሰዱ

ሰላም የጎንደር ልጆች! የኢሌክቲቭ ምርጫ ሰሞን ስለሆነ አንድ ጥቆማ አለኝ። ምስጋናም ጭምር ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ስንማር ካንሰር ባዮሎጂን ስላስተማሩን መምህርት ነው የምጽፈው። «ስሜን ፌስቡክ ላይ እንዳታወጣው» ስላሉኝ ስማቸውን አልጠራም። ዲፓርትመንት ሄዳችሁ «ጥበቃውን ጋሼ ክፍል የሚያስገቡት» ካላችሁ የማያውቃቸው የለም።

እሳቸው ዘንድ ትምህርቱን አጥንቶ መፈተን ብቻ አይበቃም። ሳይንስ ላልተማረ ሰው ማስረዳት የነጥቡ ግማሽ ነው። ምዕራፍ ባለቀ ቁጥር አንድ ተማሪ ይወጣል። አድማጩ ግን እኛ አይደለንም። አንዳንዴ ጥበቃው ጋሼ፣ አንዳንዴ ላውንጅ ቡና የሚያፈሉት እትዬ ይጋበዙና ፊት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ያልገባቸውን ይጠይቃሉ። ሃንድአውት ቸክሎ የመጣ ልጅ እዚያ ላይ ጉዱ ይፈላል።

አንድ ቀን የክፍላችን ልጅ ስለ ሚውቴሽን ሲያስረዳ «ሴሉ ሲባዛ ዲኤንኤው ላይ ስህተት ይፈጠራል» አለ። ጋሼ እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ ታዲያ ሰውዬው ምን አጥፍቶ ነው?»

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። መምህርት ግን አልሳቁም። «ዋናው ጥያቄ ይኼ ነው፣ በል መልስላቸው» አሉት። እውነታቸውን ነው። የታመመ ሰው ቤት ሲኬድ የሚወራው ይኸው ነው። ምን በልቶ ነው፣ ምን ሠርቶ ነው፣ የማን ዓይን ነው። ልጁ ትንሽ ተንተባተበና አቃናው። «ጋሼ፣ ስናድግም ቁስል ሲሽርም ሴሎቻችን ይባዛሉ። በተባዙ ቁጥር ስድስት ቢሊዮን ገደማ የዲኤንኤ ፊደል ይገለበጣል። አብዛኛው ስህተት ወዲያው ይታረማል፣ ጥቂቱ ያመልጣል። ሲጋራና አንዳንድ ቫይረስ ነገሩን ያብሱታል። ምንም ሳያጠፋ የሚታመምም ብዙ ነው።» ጋሼም «እንደሱ በል እንጂ!» አሉት።

ስህተቱ የሴልን መባዛት የሚያፋጥኑና የሚያቆሙ ጂኖች ላይ ሲያርፍ ካንሰር ሊመጣ ይችላል። መምህርት እነዚህን ጂኖች የሚያስረዱት በባጃጅ ነው። ጎንደር ቁልቁለት አያጣም መቼም። ከፒያሳ ቁልቁል የሚወርድ ባጃጅ ነዳጅ መስጫው ተጣብቆ ቢቀር አንድ ጣጣ ነው፣ ፍሬኑ ቢበጠስ ሌላ ጣጣ። የመጀመሪያው ኦንኮጂን፣ ሁለተኛው የተበላሸ ቲዩመር ሰፕረሰር ጂን ነው። ፍሬኑ ደግሞ ሁለት ነው፣ አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይይዛል። አልፍሬድ ክኑድሰን የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም በ1971 እ.ኤ.አ. ይህን ሐሳብ ያቀረበው ሬቲኖብላስቶማ የተባለውን የሕፃናት የዓይን ካንሰር አጥንቶ ነው። አንዱን ፍሬን ተበላሽቶ የወረሱት ሕፃናት ቀድመው፣ ብዙ ጊዜም በሁለቱም ዓይን ይታመማሉ።

ታዲያ ምሳሌው የት ጋ እንደማይሠራ ካልተናገራችሁ ነጥብ ይቆረጣል። ከፍሬኖቹ አንዱ የሆነው ፒ53 የሚባለው ፕሮቲን ማስቆም ብቻ አይደለም ሥራው። ጉዳቱ የማይጠገን ከሆነ ሴሉ ራሱን እንዲያጠፋ ያደርጋል። እንዲህ የሚያደርግ ባጃጅ የለም። ከሰው ካንሰሮች ግማሽ ገደማው ላይ የዚህ ፕሮቲን ጂን ተበላሽቶ ይገኛል።

ለእኔ ግን ከሁሉም የበለጠብኝ የቁጥሩ ነገር ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እንደ ሶሴጅ ያለውን የተቀነባበረ ሥጋ ምድብ 1 ውስጥ፣ ማለትም ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡት ጋር ከተተው። ሲጋራም እዚያው ምድብ ውስጥ ነው። ወሬው «ሥጋ እንደ ሲጋራ ይገድላል» ሆኖ ዞረ። ምድቡ የሚናገረው ግን ማስረጃው ምን ያህል አስተማማኝ እንደሆነ ነው። ጉዳታቸው እኩል ነው አይልም። በቀን 50 ግራም መብላት የአንጀት ካንሰርን ዕድል በ18 በመቶ ይጨምራል ተባለ። መምህርት ሰሌዳው ላይ «ከምን ላይ ነው 18 በመቶ?» ብለው ጻፉ። ከ100 ሰው በዕድሜ ዘመኑ 5ቱ ይታመማል እንበል። 18 በመቶ ሲጨመርበት 6 ገደማ ይሆናል። ከመቶው አንድ ሰው ተጨመረ ማለት ነው። ያን አንድ ሰው መናቅ ነውር ነው፣ 18 ሰው ማስመሰልም ነውር ነው። (ቁርጥ ወዳዶች ተረጋጉ። ያልተቀነባበረ ቀይ ሥጋ «ሳያመጣ አይቀርም» በሚባለው ምድብ ውስጥ ነው። እሱም ቢሆን እንደ ልብ ብሉ ማለት አይደለም።)

የፋይናል ፕሮጀክታችን ስለ ማኅፀን በር ካንሰር ለልጃገረድ እናት የሚሰጥ አንድ ገጽ ጽሑፍ ነበር። አገራችን ይህን ካንሰር የሚከላከለውን የኤችፒቪ ክትባት ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መስጠት የጀመረችው በ2011 ዓ.ም. ነው። «መካን ያደርጋል» የሚለው ወሬም አልቀረም። አብዛኛው ልጅ ጽሑፉን «መካን ያደርጋል የሚባለው ውሸት ነው» ብሎ ጀመረ። ሁሉም ተመለሰ። «ወሬውን ላልሰማችው እናት እናንተው አሰማችኋት» አሉን። እውነቱን አስቀድሙ፣ ወሬውን አንዴ ጠቅሳችሁ እለፉ፣ ከዚያ ወደ እውነቱ ተመለሱ ነው ምክራቸው።

ስለዚህ አጀማመሩ ተቀየረ። «የማኅፀን በር ካንሰርን በአብዛኛው የሚያመጣው ኤችፒቪ የተባለ ቫይረስ ነው። ክትባቱ ልጅሽን ከቫይረሱ ቀድሞ ይጠብቃታል።» ከጀርባው ያለው ባዮሎጂ ደስ ይላል። የቫይረሱ ዓይነት 16 እና 18 ብቻ 70 በመቶ ገደማውን ያመጣሉ። ኢ6 የተባለው የቫይረሱ ፕሮቲን ፒ53ን ያስወግዳል፣ ኢ7 ደግሞ አርቢ የተባለውን ሌላ ፍሬን ያሰናክላል። ይህ ግን ለፈተና እንጂ ለእናትየዋ አይደለም። ለእሷ የሚጠቅማት ሌላ ነው። ከቫይረሱ እስከ ካንሰሩ ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል። በዚህ መሃል ብትመረመር ባለሙያዋ አሴቲክ አሲድ ቀብታ፣ ነጭ የሚሆነውን ቦታ በዓይኗ አይታ፣ ካንሰር ከመሆኑ በፊት ልትደርስበት ትችላለች።

አሁን አዘዞ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ ለእናትህ እንደምትነግራት ንገረን» ይሉኛል። ከየት እንደመጣ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሳልናገር ማለፍ የማልችለው ነገርም አለ። ነጥብ ላይ ንፉግ ናቸው። ወረቀታችሁ ተመልሶ ሲመጣ ቀይ በቀይ ነው። አንድ ስላይድ ላይ ሁለት ሐሳብ ካዩ «ቁጭ በል» ነው። ኤ ለመልቀም ያሰበ ልጅ ሌላ ኮርስ ይፈልግ።

መምህርት፣ ይህን ካነበቡት እግዜር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ጋሼንም ሰላም ይበሉልኝ።

ጎንደርና አካባቢው ላላችሁ የሁለተኛ ደረጃ መምህራንም፦ መምህርት ተማሪዎቻቸውን ይዘው ትምህርት ቤታችሁ ድረስ መጥተው ያስረዳሉ፣ ክፍያ አይጠይቁም። በዲፓርትመንቱ በኩል ደብዳቤ አስገቡ። ፕሮጀክተር ከሌላችሁ አትጨነቁ፣ ጠመኔና ሰሌዳ ይበቃቸዋል።